ኮርኒሱ ላይ የሚሮጠውን አይጥ ማስወጣት፣ ደጅም ማስቀረት

ባሕር ዳር ውስጥ አናጢ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ ጣሪያ፣ በተለይ ደግሞ ኮርኒስ እሠራለሁ። አይጥ አጥፋልን ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። «ኮርኒሱ ረገበ»፣ «የበሩ ጫፍ ተበላ»፣ «የሳሎኑ መብራት ዝም ብሎ ይጠፋል» ብለው ነው የሚጠሩኝ። መሰላል አቁሜ አንዱን ቺፕውድ ገፋ ሳደርገው ሽታው ቀድሞ ይቀበለኛል፣ ነገሩ ያኔ ይገባኛል። መርዝ እየገዛ አይጥን የተገላገለ ቤት አላየሁም፤ ቀዳዳውን ደፍኖ የተገላገለ ግን ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህ ምክር ከሲሚንቶ ይጀምራል፣ መርዙ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ የትኛው አይጥ እንደገባባችሁ ለዩ። ትንሿ የቤት አይጥ ኩሷ የሩዝ ፍሬ አታህልም፣ ጫፏም ሹል ነው። አይጠ መጎጥ የምንለው ትልቁ ግን ኩሱ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ትልቁም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። ጭራው ከገላው የሚረዝመው፣ ጆሮው ሰፊ የሆነው ቀጭኑ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ዛፍ፣ ሽቦና ግድግዳ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። ጭራው ከገላው የሚያጥረው ወፍራሙ ደግሞ ቆፋሪ ነው፤ የሚፈለገው በግድግዳ ሥርና በቱቦ አካባቢ ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው ለወጥመድ ነው። ትንሿ አይጥ አዲስ ነገር ካየች ሄዳ ትነካካለች፣ በመጀመሪያው ሌሊት ልትያዝ ትችላለች። ትልቁ ግን ትናንት ያልነበረ ዕቃ ዛሬ መንገዱ ላይ ካየ ለቀናት ይሸሸዋል። ወጥመድ ገዝተው በሦስተኛው ቀን «አይሠራም» ብለው የሚጥሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ተጠራጣሪው ነው።

ለመነሣት ጥሩው ወር ግንቦት ነው። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ጉድጓዱን ሲሞላበት አይጡ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። በሽምብጥ በኩል፣ ወደ ሐይቁ ዳር ያላችሁ ደግሞ ሌላም አለባችሁ፤ ክረምቱ ሲያልቅ ጣና ሞልቶ ደንገሉ ሥር ውሃ ሲገባ እዚያ የነበረው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እህሉ ከማሳ ሲነሣ ሁለተኛው ማዕበል ይመጣል፣ ይህ በተለይ ከከተማው ጫፍ ያሉትን ይመለከታል። ግንቦት ላይ የደፈናችሁት ቀዳዳ ግን ዝናቡ ሳይደርስበት በደንብ ይደርቃል። እርጥብ ሲሚንቶን አይጥ በጥርሱ ይፍቀዋል፣ ከደረቀ በኋላ ግን አይደፍረውም።

አሁን ፍተሻው። ከጨለመ በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ብቻችሁን ዙሩ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ። አይጥ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው፤ በአንድ መንገድ ስለሚመላለስም ገላው የነካው ቦታ ሁሉ ጥቁር ቅባት ይዞ ይገኛል። ኮርኒስ ውስጥ ኮርኒሱን በሚሸከመው እንጨት፣ በሞራሌው ላይ ያ ቅባት ሲያብለጨልጭ አያለሁ፣ በጣት ሲነካ ይጣበቃል። መንገዱ ግልጽ ካልሆነላችሁ ማታ ላይ ከግድግዳው ሥር ስስ አድርጋችሁ ዱቄት ነስንሱ፣ ጠዋት ዱካውን ታያላችሁ። ቀዳዳ ስታገኙ ደግሞ ጋዜጣ ጨብጣችሁ ሳታጠብቁ ወትፉበት። በማግሥቱ ወረቀቱ ተገፍቶ ወይም ተቦጫጭቆ ካገኛችሁት ቀዳዳው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ እንዳለ ከተቀመጠ የቆየ ነው፣ እሱን ወዲያው ድፈኑት።

ምን ያህል ቀዳዳ ይበቃዋል? የእስክርቢቶ ውፍረት፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለትንሿ አይጥ በር ነው። ለትልቁ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ በቂው ነው። እስክርቢቶ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ዙሩ፤ የገባበትን ሁሉ በጠመኔ አክብቡት።

እዚህ ላይ ስለራሳችን ስለ ግንበኞችና ስለ አናጢዎች እውነቱን ልናገር። ቆርቆሮ ሞገድ አለው። ግድግዳው አናት ላይ ሲደርስ ከእያንዳንዱ ሞገድ ሥር አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። አንድ ተራ ቤት ላይ ዙሪያውን ብትቆጥሩት በደርዘን የሚቆጠር ነው። ያንን ክፍተት ሞልቶ የሚወርድ ግንበኛ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም በማግሥቱ ኮርኒስ ይመታል፣ ኮርኒሱ ደግሞ ከታች ሁሉንም ይሸፍናል። ባለቤቱ ከሥር የሚያየው የተቀባ ጣሪያ ነው፤ ከላይ ግን ለአይጥ ደረቅ፣ ሞቃት፣ ድመት የማትደርስበት ሌላ ቤት ተሠርቶለታል። በማዳበሪያ ወይም በአቡጀዴ የተሠራ ኮርኒስ ከሆነ ሲሮጥ እግሩ ሳይቀር ይታያል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ለአየር የሚያስፈልገውን ክፍተት ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት ሸፍኑት። የቀረውን ሞገድ በተጨማደደ ሽቦ ሙሉና ከላዩ በአሸዋና በሲሚንቶ ምረጉት። ጨርቅ፣ ማዳበሪያ፣ ስፖንጅ አትወትፉ፤ እሱን ጎትቶ ጎጆ ይሠራበታል። ከጣሳ የሚነፋው ፎምም ብቻውን ዋጋ የለውም፣ እንደ ዳቦ ነው የሚገምጠው። ለትናንሽ ቀዳዳ የዕቃ ማጠቢያውን ሽቦ አጥብቃችሁ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ ምረጉ። ግድግዳ ሥር ያለውን የቆፋሪውን ጉድጓድ ደግሞ የድሮ ሰዎች እንደሚያደርጉት የጠርሙስ ስባሪ ከሲሚንቶው ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉት፤ ጓንት አትርሱ።

ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ሲሚንቶ ብቻውን ጭቃ ላይ አይዝም፤ በዓመቱ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል፣ አይጡም ከጀርባው በሰላም ይኖራል። መጀመሪያ የዶሮ ሽቦ በምስማር ግድግዳው ላይ ምቱ፣ ሽቦው ላይ ለስኑት። ከመሬት እስከ ግማሽ ሜትር ብቻ ብትሠሩት እንኳ ትልቅ ለውጥ ነው።

በር ላይ ስንመጣ፣ ከበሩ ሥር ብርሃን ከታያችሁ አይጡም አይቶታል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ከበሩ ግርጌ ከውጭ በኩል ምቱ፣ ከደፉ ጋር የሚቀረው ክፍተት ከእስክርቢቶ ያነሰ ይሁን። የሻወሩና የግቢው ቱቦ አፍ ላይ የብረት ወንፊት ይኑር። የማንጎና የአቮካዶ ቅርንጫፍ ከቆርቆሮው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። በዚህ ጉዳይ ከባለቤቶች ጋር ብዙ ተጨቃጭቄያለሁ፤ ማንጎ መቁረጥ ለባሕር ዳር ሰው ልጅ እንደ መቅጣት ይከብደዋል። ሙሉ ዛፉን ቁረጡ አላልኩም፣ ጣሪያው ላይ የተኛችዋን አንዷን ቅርንጫፍ ነው። ዘንባባም ካላችሁ የደረቀውን ዝንጣፊ አውርዱት፣ ከውስጡ ጎጆ አይጠፋም።

ግን አደራ፣ ሁሉንም ቀዳዳ በአንድ ቀን አትድፈኑ። አይጡ ውስጥ ተዘግቶበት ከቀረ ወይ ኮርኒሱን በልቶ ሳሎን ይወርዳል፣ ወይ ሞቶ ለሳምንታት ይሸታችኋል። ከሁሉም የተመላለሰበትን አንዱን ቀዳዳ ክፍት ተዉት፣ ሌላውን ዝጉ፤ ከዚያ ወጥመዱን በዚያ መንገድ ላይ አጥምዱ። ለጥቂት ሌሊቶች ድምፅ ካልሰማችሁ፣ የጋዜጣው ውታፍም ካልተነካ፣ የመጨረሻውን ድፈኑት።

ኮርኒስ ለምታሠሩ አንድ ነገር ልለምን። አናጢያችሁን «በር አውጣለት» በሉት። ኮሪደር ላይ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተነሺ ክዳን ይበቃል። ያለ እሱ አይጥ በገባ ቁጥር ኮርኒስ ማፍረስ ነው። ስትወጡ ደግሞ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። አይጥ የላጠው የኤሌክትሪክ ሽቦ እዚያ ላይ ራቁቱን ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል፤ ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ አንድ ነገር ሳይፍቅ አይውልም፣ የሽቦ ፕላስቲክ ደግሞ ይመቸዋል። የተላጠ ሽቦ ካያችሁ በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትለፉት፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይቀይረው። ደረቅ እንጨት አጠገብ የተላጠ ሽቦ እሳት ነው።

ምግቡን በተመለከተ እኔ ብዙ አልናገርም፣ ጓዳው የእናንተ ነው። ብቻ ጤፍና ዱቄት ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ውስጥ ይሁን። አየር እየከለከለ ነቀዝ የሚገድለው ፒክስ የሚባለው ከረጢት ጥሩ ነው፣ አይጥ ግን ይቀደዋል፤ እሱንም በርሜል ውስጥ አስቀምጡት። የግድ በጆንያ የሚቀመጥ ካለ ጣውላ ላይ አንሡት፣ ከግድግዳውም አርቁት፣ ዙሪያውን እንድታዩ። በየቤቱ የሚረሱት የዶሮ መኖ፣ የውሻ ትርፍራፊ፣ የጠላ አተላ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ብቅል ናቸው። ማታ ሳይነሡ ካደሩ ግብዣ ነው። እኛ ሀገር ደግሞ ዓሣው አለ። ቆሮሶውን አጽድታችሁ ጭንቅላቱንና አንጀቱን አጥር ሥር ከጣላችሁት ጎረቤት ያለው አይጥ ሁሉ አድራሻችሁን ያውቃል። በዚያው ቀን ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

አንዲት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ቤት ኮርኒስ ላድስ ሄጄ፣ «ልጄ፣ ድመት አለችኝ እኮ!» አሉኝ፣ በመገረም።

«እማማ፣ ድመቷ የት ነው የምታድር?»

«ምድጃው ዳር ነዋ፤ ምን ትሁን ብርዱን!»

«አይጡስ?»

ወደ ላይ አዩና ሳቁ። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል፤ ኮርኒስ ላይ የሚኖረው ግን አፍንጫዋን አያገኘውም። ድመት ጥሩ ናት፣ አዲስ መጪውን ታስፈራራለች፣ ትናንሾቹን ትለቅማለች። ጠግባ የተኛችው ድመት ግን አይጥ የተራባበትን ቤት አታጸዳም፣ ትልቁን አይጠ መጎጥማ ብዙዎቹ ድመቶች ይተዉታል።

ወጥመድ። እኔ የምመርጠው ጣውላ ላይ የተሠራውን በስፕሪንግ የሚመታውን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ወዲያው ይገድላል፣ መርዝ የለውም። ለትልቁ አይጥ ትልቁን ግዙ፣ ትንሹ ጭራውን ብቻ ይዞ ያስተምረዋል። ለአንድ ክፍል አንድ ወጥመድ ማጥመድ ቀልድ ነው፤ ግድግዳውን ተከትላችሁ ለትንሿ አይጥ በየ2 ወይም በየ3 ሜትሩ አስቀምጡ። ማባበያው የሚቀመጥበት ማጥመጃው ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ይንካ፣ ጣውላው ወደ ክፍሉ ይዘርጋ። ኮርኒስ ላይ ከሆነ ቅባቱ ያለበት ሞራሌ ላይ አድርጋችሁ በቀጭን ሽቦ እሰሩት፤ ካልታሰረ ያልሞተው አይጥ ይዞት ይጠፋል፣ እናንተም ሌሊቱን ሙሉ ጣውላ ሲጎተት ስትሰሙ ታድራላችሁ።

ማባበያው የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል። የተወቀጠ ኦቾሎኒ የሚያህለው የለም፣ በዘይት ለወስ አድርጋችሁ ማጥመጃው ላይ ቀቡት። ለሐይቁ ዳር አይጥ የደረቀ የዓሣ ጭንቅላት ቁራጭም ይሆናል፣ ግን ላጥ አድርጎ እንዳይሄድ በክር እሰሩት። ለትልቁ አይጥ መጀመሪያ ወጥመዱን ሳታጥምዱ ማባበያውን ብቻ አስቀምጡለት፣ ለምዶ እስኪበላ ጥቂት ቀን ታገሡ፤ ሲበላ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አጥምዱ። ትንሿ ግን በሁለት ሌሊት ካልተያዘች ቦታው ነው ችግሩ፣ ወጥመዱን አዛውሩት። አትዘግዩ፤ አንዲት የቤት አይጥ በሦስት ሳምንት እርግዝና ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች፣ ልጆቿም በሁለት ወር ገደማ መውለድ ይጀምራሉ።

አይጥ የሚያጣብቀውን ሙጫ አልወደውም። የሚጮህ፣ የሚሸና አይጥ ሌሊቱን ሙሉ ይዞ ያሳድራል፣ ጫጩትም ይይዛል። በድምፅ ያባርራል ተብሎ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ነገር አይጡ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። የበርበሬ ጭስና ነጭ ጋዝ አንድ ሌሊት ያሳስሉታል፣ እናንተንም ጭምር።

መርዝ። የግድ ካላችሁ፣ ስምና ምልክት ያለው፣ በታሸገ ማሸጊያ የመጣ ግዙ። ገበያ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ስም የለሽ ዱቄት እጃችሁ አይንካው። ጥቁር ግራጫ ሆኖ ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጋዝ ይሆናል፣ ማርከሻም የለውም። ልጅ፣ ዶሮ፣ ድመት አይለይም። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያላቸው ብሮማዲዮሎን ወይም ብሮዲፋኩም የሚባሉት ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ አይጡ የሚሞተው ከቀናት በኋላ ነው፣ ስለዚህ ኮርኒስ ውስጥ ይሞታል፣ ሽታውና ዝንቡ የእናንተ ይሆናል። የተመረዘውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ስታስቀምጡት ልጅ በማይከፍተው፣ አይጥ ብቻ በሚገባበት ሳጥን ውስጥ በሽቦ አስራችሁ ይሁን። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚገባውን ኪኒን ግን በምንም መልኩ ሰው በሚያድርበት ቤት አይጥ ጉድጓድ ውስጥ አትክተቱ። አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ የተኛ ቤተሰብ ይፈጃል።

ሰው መርዝ ከዋጠ ወተት ላጠጣው፣ ላስታውከው ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ። ማሸጊያውን ይዛችሁ በዚያው ደቂቃ ሆስፒታል። ለብሮማዲዮሎን ዓይነቱ ቫይታሚን ኬ ይሰጣል፣ ሐኪሙ ግን የትኛው መርዝ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የአይጥ ኩስ በደረቁ አይጠረግም። አቧራው ሳንባ ይገባል። መስኮቱን ግማሽ ሰዓት ክፈቱ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ርጩበት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በጓንት በወረቀት አንሡት። የሽንቱ ነገር ቀላል አይደለም፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በአይጥ ሽንት በተበከለ ውሃና ጭቃ ይተላለፋል፤ ቁንጫውም ተስቦ ያመጣል። የሞተውን አይጥ ሁለት ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ቅበሩት፣ ሐይቅ ዳር አትወርውሩት።

በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ ካላችሁና ኮርኒሱ አንድ ከሆነ ብቻችሁን አትልፉ። ክፍላችሁን ስትዘጉ ጎረቤት ይሄዳል፣ ጎረቤት ሲያባርረው ይመለሳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ጤፉ ሲጎድል የሚጠረጠረው ደግሞ ሌላ ነው። ቡና ላይ ተነጋገሩ፣ በአንድ ሳምንት ሁላችሁም ድፈኑ፣ ሲሚንቶውን ተካፈሉ። አከራዩ ኮርኒሱን አላሳድስም ካለ የተላጠውን ሽቦ ፎቶ አንሥታችሁ አሳዩት፤ ስለ አይጥ ያልሰማ አከራይ ስለ እሳት ይሰማል።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ጊዜ ከእስክርቢቶዋ ጋር መዞር ነው። ዲሽ ወይም ኢንተርኔት ሊያስገባ የመጣ ልጅ ግድግዳ በበሳ ቁጥር፣ ቧንቧ ሠራተኛ በገባ ቁጥር፣ ሳይሄዱ ቀዳዳቸውን አስደፍኗቸው። «ነገ እመጣለሁ» ቢሉ ሂሳቡን ለነገ አሳድሩት።